የቦቴው ሹፌር በበረዶ ላይ

ጋሽ እንድሪስ ማረፋቸውን የነገረኝ ልጃቸው ጀማል ነው። ኤርፖርት የተሳፋሪ ሻንጣ እያወረድኩ ሳለ ኮል አደረገልኝ። «ሰብልዬ፣ ባባ እኮ... በቃ። እንቅልፍ ላይ እያለ» አለና ድምፁ ጠፋ። «መጣሁ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

በሦስተኛው ቀን ዳላስ አጠገብ፣ ሮውሌት ያለው ቤታቸው በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ውስጠኛው ክፍል፤ እኔ ውሃ እያዞርኩ በመሃል እመላለሳለሁ። የሦስተኛ ቀን ለቅሶ እንደሚታወቀው ነው፤ እንባው ጋብ ይልና ወሬ ይጀመራል፣ ከወሬው መሃልም ትንሽ ሳቅ ሾልካ ትወጣለች። ጥግ ላይ የተቀመጠ የሩቅ ዘመድ፣ «ኮሎራዶ ሄደው የሠሩትን ሰምታችኋል አይደል? በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ልብ፣ በረዶ ላይ ሞተር ሊነዱ! ተራራው መሃል ነዳጅ ጨረሱና አሜሪካኖቹ በገመድ ጎትተው አወጧቸው። ቪዲዮው አለ እኮ!» አለ። ሰዉ ፈገግ አለ። ጀማል አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል። አላስተባበለም፤ እሱም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ደሜ ፈላ። ትሪውን ይዤ ወደ ኩሽና ተመለስኩና እንደ ቆርቆሮ ክዳን እንዳይጮህ ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ብወረውረው ነበር ደስ የሚለኝ። እሳቸው ሞተዋል፣ መልስ የሚሰጡበት አፍ የላቸውም። እኔ ግን አፍ አለኝ፣ ያውም ትልቅ አፍ። ስለዚህ ማን እንደነበሩ እናገራለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

ጋሽ እንድሪስ ረጋ ያሉ፣ ሁሉን የሚመርቁ ሽማግሌ አልነበሩም። ለቅሶ ላይ እንደዚያ ብለው ያወሩላቸው ሰዎች አንድ ቀን እንኳን አብረዋቸው መኪና ውስጥ አልተቀመጡም። ተከራካሪ ነበሩ። ቴሌቪዥን ላይ የአየር ጠባይ ከምትናገረው ሴትዮ ጋር ይከራከራሉ፣ ከሐኪማቸው ጋር ይከራከራሉ፣ ከእኔ ጋር ደግሞ ቁርስ ሳይበሉ ይጀምራሉ። «እምቢ» የምትለዋን ቃል እንደ ምርቃት ነበር የሚሏት፣ ፈገግ ብለው፣ ዓይንን እያዩ። ፎቃቸው ላይ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ በኖርኩባቸው ዓመታት «እሺ» ሲሉ የሰማኋቸው የሶላት ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነው።

በወጣትነታቸው የቦቴ ሹፌር ነበሩ። ከአሰብ ወደብ ነዳጅ እየጫኑ በዚያ በረሃ፣ በኤሊዳር በሰርዶ አድርገው ወደ ኮምቦልቻ ያመጡ ነበር። «ከኋላዬ አንድ ከተማ የሚያበራ ነዳጅ ተሸክሜ፣ የራሴን ታንከር ግን በጠብታ ነበር የምነዳው» ይሉኝ ነበር። «ለምን ከጫኑት ትንሽ አይቀዱም?» ስላቸው ተቆጡ። «አማና እኮ ነው፣ አንቺ ልጅ! የሰው አደራ ነው። ያንን የነካ ሹፌር መንገዱ ራሱ አይወደውም።» አንድም ቀን ነዳጅ ጨርሰው በረሃ ላይ ቆመው አያውቁም። ይህን ሲናገሩ አውራ ጣታቸውን በጠቋሚ ጣታቸው ላይ ያሻሉ፣ ነዳጅ የነካውን እጅ እንደሚፈትሽ ሰው። ማንኛውንም መኪና ከመንዳታቸው በፊትም፣ የእኔን ፒካፕ ጨምሮ፣ ታንከሩን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ይደግናሉ። «ጋሼ፣ የነዳጁ ጌጅ ላይ ይታያል እኮ» ስላቸው፣ «ጌጅ ይዋሻል፤ ቆርቆሮ አይዋሽም» ይላሉ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ቴክሳስ ውስጥ የበረዶ ሞተር ባለቤት የሆኑት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ጎረቤታቸው ማይክ በረዶ ከማይጠፋበት የሰሜን አገር ወደ ሮውሌት ሲዛወር ያችን ሞተር በተጎታች ጭኖ መጣ። ከፊት በበረዶ ሸርተቴ፣ ከኋላ በጎማ ሰንሰለት የምትሄድ፣ ባለ ተርቦ፣ አራት ምት ሞተር። እኛ ሰፈር ደግሞ ያለው ሐይቅ እንጂ በረዶ አይደለም። ማይክ ጀልባ ገዛ፣ ጀልባው ተበላሸበት፣ ጋሽ እንድሪስ ሠሩለት። እሱም «ከፈለግህ ያችን ውሰዳት። ጉልበቷ ለጉድ ነው፣ ግን ጠጪ ናት፤ በእሷ የተነሳ ጓደኞቼ ጠልተውኛል» አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክና ጓደኞቹ በየክረምቱ ኮሎራዶ ይሄዳሉ። ከተራራው በዚህ በኩል ካለች ጎጆ ተነስተው፣ ጫፉን ተሻግረው፣ በዚያኛው በኩል ያለ ማረፊያ ቤት ይደርሳሉ። ሙሉ ቀን ነው መንገዱ፣ በመሃል ማደያ የለም። ይቺ ሞተር በማይክ እጅ ሳለች አንድም ጊዜ ሳትቆም ተሻግራ አታውቅም። ማይክ ሌላ ገዝቶ ተገላገለ።

ጋሽ እንድሪስ ሞተሯን ዞረው ዞረው አዩዋትና፣ «ነዳጅ የሚጠጣው ሞተር አይደለም፤ ጣት ነው። በእሷ እሻገራለሁ፣ ጀሪካን ሳልይዝ» አሉ። እኔ ተረጎምኩ። ማይክ ሳቀ፣ ፊታቸውን ሲያይ ግን አቆመ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ዌይድ አላቆመም። ዌይድ ረጅም፣ ድምፀ ትልቅ ሰው ነው። «ሽማግሌው ይምጣ፣ ጎጆው ውስጥ ይቀራል፤ ምግብ ያብስልልን» አለ። ይህንንም ተረጎምኩ። መተው እችል ነበር፣ ግን ጋሽ እንድሪስ ያልተተረጎመ ሳቅ አይወዱም።

«ንገሪው» አሉኝ። «እኔ የአሰብን መንገድ በሐምሌ ነድቻለሁ። የእሱን ተራራ በጥር አልፈራም በይው።»

ከዚያ በኋላ የነበረው በጋ! ጋራዡ ውስጥ ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል፣ እሳቸው የበረዶ ሞተር ፈተው ይሠራሉ። ጀማል ከፍሪስኮ፣ ከቢሮው፣ በየእሑዱ እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። «ባባ፣ ማለቴ፣ ሲሪየስሊ? ቴክሳስ ውስጥ? ይሄ እኮ ላም አለኝ በሰማይ ነው።» ይህችን ተረት ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው፤ በራሳቸው ላይ መጣችባቸው።

«አንተ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠህ የማታየውን ዕቃ ትሸጥ የለም? እኔም የማላየውን በረዶ እጠብቃለሁ» አሉት።

መጀመሪያ ያገኙት የአየር ሌባ ነው። ተርቦው የሞተሩን ጭስ ተጠቅሞ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ይነፋል፤ አየር ሲጨመር ነዳጅም ይጨመራል። በመሃል ያለው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ አየሩ ይሾልክ ነበር። እንደ ተነፈሰ ጎማ የሳሙና ውሃ ቀብተው፣ አረፋው ሲኩረፈረፍ አሳዩኝ። ቀጥለው የኋላውን ሰንሰለት በእጃቸው ገፉት። አልዞረም። «አየሽ? በእጅሽ ገፍተሽው እምቢ ያለሽን፣ ነዳጅ ነው የሚገፋልሽ» አሉ። ከልክ በላይ ተወጥሮ ነበር፤ አላሉት። ሰንሰለቱን የሚሸከሙትን የትናንሽ ጎማዎች ኩሽኔታ ቀየሩ፣ ያለቀውን የፕላስቲክ መንሸራተቻ ቀየሩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሰንሰለቱን በአንድ ጣት እያሽከረከሩ ለብቻቸው ይስቃሉ።

የቀረው ጣቱ ነበር። የበረዶ ሞተር ነዳጅ የሚሰጠው በእግር ሳይሆን በቀኝ አውራ ጣት በምትገፋ ምላስ ነው። ጣቱ ትንሽ ከበዛ ተርቦው ይነሳል፣ ከተነሳ ይበላል። «ያልጠራሽው እንግዳ አይበላብሽም» ይላሉ። ስለዚህ በምላሷና በአውራ ጣታቸው መሃል የበሰለ ተምር አስቀምጠው፣ ሳይጨፈልቁ መግፋት ይለማመዱ ጀመር። ተምሩ ከተጨፈለቀ ይበሉታል። መጀመሪያ ሳምንት ብዙ ተምር በሉ። እየቆየ ሳህኑ እንደሞላ መዋል ያዘ፤ ሮመዳን ሲገባም ጾመው ይለማመዱ ነበር፣ ያኔማ አንዲትም አልጨፈለቁም። ሰው ይሳቅባቸው፤ እኔ ግን እነዚያን ጣቶች አይቻለሁ፣ የሚንቀጠቀጡ የሽማግሌ ጣቶች ምላሷን ሲነኩ ቀጥ ይላሉ።

ዳላስ አልፎ አልፎ ስትቀዘቅዝ መንገዱ መስተዋት ይሆናል፣ ከተማው ሁሉ ቤቱን ይዘጋል። አንድ እንደዚያ ያለ ቀን ጋሽ እንድሪስ ሞተሯን አስነስተው ሰፈራችን ጎዳና ላይ ወጡ። ፖሊስ መጣ። «ይህ በመንገድ ላይ አይነዳም» አላቸው። «መንገዱ ላይ መኪና ይታይሃል? አይታይህም። እንግዲያው አሁን መንገድ አይደለም» አሉት። ስተረጉም ፖሊሱ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ «ቢሆንም ያስገቧት» አለ። ከአንድ ዙር በኋላ አስገቧት።

ከዚያ ልባቸው አመማቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞች የተዘጋ የደም ሥራቸውን ከፈቱላቸው፣ ጀማልም ነገር ሁሉ ዘጋባቸው። ጨው የለም፣ መሰላል የለም፣ ኮሎራዶ ደግሞ ፈጽሞ። «ኢናፍ ባባ፣ ኢናፍ!» ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ቀጣዩ ክረምት ሲመጣ እሳቸው ግን እኔን ጠርተው፣ «ፒካፕሽ ተጎታች ይጎትታል አይደል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ አትድከም አለኝ እንጂ አትኑር አላለኝም። አብሽሪ፣ ልጄ። አንቺ ካልወሰድሽኝ ማይክ ይወስደኛል፣ ግን መንገድ ላይ የሚከራከረኝ አጣለሁ።»

ወሰድኳቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ ነሽ የወሰድሻቸው» ስባል ኖርኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢነሱና ቢጠይቁኝ ፒካፑን አስነሳለሁ።

ጎጆው በደረስን ማግስት ልምምድ ወጡና አንድ ጥፋት አጠፉ፤ የቦቴ ሹፌር ብቻ የሚያጠፋው ጥፋት። ረጅም ቁልቁለት ሲያገኙ ሞተሩን አጥፍተው በዝምታ ወረዱ። በድሮ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚቆጠበው እንደዚያ ነበር። ማይክ ከኋላ እየጮኸ ደረሰባቸው። ተርቦው እንደጋለ ሞተር ካጠፉ ዘይት መዞሩን ያቆማል፣ ውስጡ ይቃጠላል። ጋሽ እንድሪስ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩት። እኔ ለሁለቱም መተርጎም ደከመኝ። በመጨረሻ፣ «እምቢ፣ እኔ ከአንተ በፊት ነው ሞተር ያወቅሁት» ብለው ገቡ። በማግስቱ ግን ሞተሩን ከማጥፋታቸው በፊት ቀስ ብለው እያስጓሩ ሲያቀዘቅዙት አየሁ። ጋሽ እንድሪስ እንደዚያ ነበሩ፤ በአፋቸው አይሸነፉም፣ በእጃቸው ግን ይማራሉ።

የመሻገሪያው ቀን አየሩ ጥርት ብሎ ነበር። እነ ማይክ በጠዋት፣ በረዶው ገና ጠጣር ሳለ ተነሱ። ጋሽ እንድሪስ ታንከሩን ኳ ኳ አድርገው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ መጨረሻ ላይ ተሰለፉ። መጨረሻ የሆኑት አስበውበት ነው፤ ከፊት ያሉት የጠቀጠቁት በረዶ ሞተር አያደክምም። ዌይድ እያለፋቸው ሞተሩን አጓርቶ በረዶ አለበሳቸው። እኔ ፒካፑን ይዤ ተራራውን በአስፋልት ዞሬ፣ በማረፊያው ቤት በር ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ጀማል ደወለ። ኮሎራዶ መሄዳችንን ጎረቤት ነግሮታል። «ሰብለ፣ ባባ የት ነው?»

«በረዶ ላይ ናቸው።»

«አር ዩ ክሬዚ? ልቡ እኮ...! የሆነ ነገር ቢሆን ማን ነው ሪስፖንሲብል?»

«እሳቸው ናቸው» አልኩት። «ዐዋቂ ሰው ናቸው።» ስልኩን ዘጋብኝ።

ወደ ማታ ላይ መጡ። መጀመሪያ ማይክ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ከዚያ ቆይቶ ዌይድ ብቅ አለ፤ ከሞተሩ ኋላ ገመድ፣ ከገመዱ ጫፍ ጋሽ እንድሪስ። ሞተራቸው ጸጥ ብላለች። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቦቴ የሚነዱ ይመስላሉ። በረንዳው ላይ የነበሩ ሰዎች ሳቁ፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ለቅሶ ቤት ድረስ የመጣው ቪዲዮ ያ ነው። ቪዲዮው ገመዱን ያሳያል፤ ከገመዱ በፊት ያለውን አያሳይም።

እኔም እንደ ሁሉም ሰው ነዳጅ የጨረሱ መሰለኝ። ያ ሁሉ በጋ፣ ያ ሁሉ ተምር! ሮጬ ሄጄ «አይዞዎት ጋሼ» አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ምን ሆንኩና?» አሉኝ።

የሆነውን የነገረኝ ማይክ ነው። ከተራራው ጫፍ ወዲህ እነ ማይክ ዌይድን ቆሞ አገኙት፣ የሞተሩን ኮፈኖ ከፍቶ። ጠዋት ጥልቅ በረዶ ውስጥ ሲጨፍር ነዳጁን አሟጦታል። የሌሎቹ ነዳጅ ለራሳቸው ብቻ የምትበቃ ስለነበረች እርስ በርስ ተያዩ። ማይክ፣ «ሞተሯን እዚህ ይተዋትና ከአንዳችን ኋላ ይቀመጥ፣ ወይም እየጎተትን እንውሰደው» አለ። ያኔ ከኋላ ጋሽ እንድሪስ ደረሱ። በታንከራቸው ውስጥ እስከ ማረፊያው ቤት የሚያደርስና የሚተርፍ ነዳጅ ነበረ። አሸንፈው ነበር። ማይክ ይህን ሲነግረኝ ደጋግሞ ነው ያለው፣ አሸንፎ ነበር።

በአሰብ መንገድ ኮፈኖ ከፍቶ የቆመ መኪና አይታለፍም። ጠላትህም ቢሆን ትቆማለህ፣ ምክንያቱም በዚያ በረሃ አልፈኸው ከሄድክ ገድለኸዋል። ጋሽ እንድሪስ ወረዱ፣ ከመቀመጫው ሥር የጎማ ቱቦ አወጡ፣ በአፋቸው ስበው የነዳጃቸውን ግማሽ ለዌይድ ሰጡ። ማይክ በእጁ ምልክት እያሳየ፣ «የአንተ ሞተር ከእሱ የበለጠ ነዳጅ ትበላለች፤ በዚህ ግማሽ አትደርስም» አላቸው። «አይ ኖው» አሉት። ከሚያውቋት ጥቂት እንግሊዝኛ አንዷ ነበረች። ማረፊያው ቤት ከሩቅ ሲታይ ሞተራቸው ጠፋች፣ ዌይድም ተመልሶ ገመድ አሠረ።

«ለምን እርስዎ አልጎተቱትም?» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ለምን እሱ ተጎትቶ አልገባም? የሳቀው እሱ አይደል!»

«የተጎተተ ሹፌር አንገቱ ይሰበራል፣ ሰብልዬ። እሱ አይችለውም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። የእኔ አንገት ግን ሰጥቶ የተጎተተ ነው፣ አይሰበርም።»

ዌይድ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ መጣ። ፊቱ ቀልቷል፣ ያ ትልቅ ድምፁ ጠፍቶበታል። ጋሽ እንድሪስ በእጃቸው መለሱት። «ለሚቀጥለው ለቆመ ሰው ስጠው በይው» አሉኝ። ወደ እኔ ዞረውም፣ «አንቺም ለማንም አታውሪ። ሰደቃ አይወራም። ለጀማልም ቢሆን።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ሰዉ ቪዲዮውን እያየ ሲስቅባቸው፣ ጀማል «ነዳጅ ጨርሶ ነው፣ አልኩት እኮ» ሲል፣ እሳቸው ሻያቸውን እየጠጡ ዝም ይላሉ፣ እኔም ከንፈሬን እነክሳለሁ። በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ጠበቅሁ። ከሞቱ በኋላ ግን እምቢ። እምቢ ማለትን ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

ከኩሽናው ተመልሼ ወንዶቹ መሃል ሳሎኑ ውስጥ ገባሁ። ያ ዘመድ ነኝ ባይ አሁንም ያወራል። «ይቅርታ» አልኩ፣ ድምፄ ከምፈልገው በላይ ከፍ ብሎ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ቆሜ ይህንን ሁሉ ተናገርኩ፣ ኮፈኖውን፣ ቱቦውን፣ ግማሹን ነዳጅ፣ ገመዱን። ስጨርስ ያ ሰውዬ ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

ጀማል ቀና አለ። «ለማን ነው የሰጠው?»

«ጎጆው ውስጥ ይቅር፣ ምግብ ያብስልልን ብሎ ለሳቀባቸው ሰውዬ።»

ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ሁለት ዓመት ስለደበቅሁት። ከዚያ ምንጣፉን ለቆ ተነሳ። ሰው የሚቀበልበት ቦታው ላይ፣ በበሩ አጠገብ ቆመ። በዚያ ሰዓት አዲስ ለቀስተኞች ይገቡ ነበር፤ ከፊት የነበሩት ሽማግሌ እጁን ጨብጠው፣ «አላህ ይርሐማቸው ልጄ፤ እኔ እኮ በዚያ በቪዲዮ...» ብለው ጀመሩ።

«አባቴ ጋዝ አልጨረሰም» አላቸው ጀማል፣ በዚያ እንግሊዝኛ በተቀላቀለበት አማርኛው፣ ሳሎኑ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ሰጥቶ ነው የቆመው።»